ትንሿ ውሻና የቤተሰባችን ጤና



በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት ምግብ፣ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ልጆች ክትባት ደጋግመን ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ እስካሁን ስላላነሣነው የቤት ነዋሪ እንነጋገራለን፤ ይኸውም በየግቢያችን ስለምናሳድጋት ትንሽ ውሻ ነው። ርእሱን ያመጣልን ከእንጅባራ ከተማ አንዲት እናት የጻፉልን ደብዳቤ ነው።

እኒህ እናት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ ሁለት ልጆች አሏቸው። አዲስ አበባ የምትኖር እኅታቸው ለልጆቹ መጫወቻ ትሁን ብላ ነጭ፣ ፀጉረ ረጅም፣ ከድመት እምብዛም የማትበልጥ፣ በተለምዶ «ፑድል» የምንላትን ዓይነት ውሻ ከላከችላቸው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስሟ ቡቺ ነው። ደብዳቤያቸው ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። «አፏ ይሸታል፤ ምን ይሻላል? ሌሊቱን ስታክክ ታድራለች፤ ምን ልቀባት? ሰሞኑን ደግሞ ሆዷ ተነፍቷል፤ ትል ይሆን?» ካሉ በኋላ፣ በደብዳቤው ግርጌ እንደ ዋዛ አንዲት መስመር ጨምረዋል። «ከትናንት በስቲያ ትንሹ ልጄ ሊያቅፋት ሲል ጣቱን ነክሳዋለች። ትንሽ ስለሆነች ምንም አላልናትም።»

ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች ኋላ እንመለሳለን። ያስደነገጠችን ግን ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት። ደብዳቤው እጃችን እስኪገባ አራት ቀን አልፎት ስለነበረ፣ መልሱን በጋዜጣ እስክናወጣ አልጠበቅንም፤ በሰጡን ስልክ ወዲያውኑ ደወልንላቸው።

«ውሻዋ ተከትባ ታውቃለች?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ኧረ የለም! ከግቢ እኮ አትወጣም።»

«አሁን የት ናት?»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ከትናንት ጀምሮ አልታየችም» አሉን።

ትንሽ አፍ፣ ትልቅ አደጋ

ትልቅ ጥቁር ውሻ ቢነክሰን ሁላችንም እንደነግጣለን። ትንሽ ነጭ ውሻ ስትነክሰን ግን ስቀን እናልፋለን። የእብድ ውሻ በሽታ ግን የውሻን ቁመት አይመርጥም። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። በንክሻ ወይም ምራቅ በነካው ጭረትና ቁስል በኩል ይገባና በነርቭ መስመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል፤ በሳምንት ውስጥ የሚደርስበትም ሆነ እስከ ዓመት የሚቆይበት ጊዜ አለ። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ግን በክትባት ይከላከሉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በዚህ በሽታ በያመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ። አብዛኞቹ የእስያና የአፍሪካ ሰዎች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ያህል በውሻ ሲሆን፣ ከሚሞቱት መካከል ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምክንያቱን እናት ታውቀዋለች። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፊቱና እጁ ለውሻ አፍ ይቀርባሉ፤ ፊትና እጅ ደግሞ ነርቭ የበዛባቸው ክፍሎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ልጅ «ውሻውን ለምን ነካህ?» እንዳይባል ፈርቶ ቁስሉን ይደብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ በራሳችን አንደበት ላይ ነው። ልጅዎን ስለ ውሻ ሲመክሩ «ቢነክስህ ወይም ቢቧጭርህ ወዲያው ንገረኝ፤ አልቈጣህም» ብለው ይጨምሩለት።

ለእንጅባራዋ እናት በስልክ የነገርናቸውን ለእርስዎም እንደግመዋለን።

አንደኛ፣ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥብቆ ማጠብ ነው። ይህ ሥራ ሐኪም አይጠይቅም፤ ከማንኛውም ቤት አይጠፋም፤ ከቁስሉ ላይ ብዙውን ቫይረስ ጠርጎ ያስወግዳል። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም በርበሬ መነስነስ ግን ክልክል ነው። ቀናት ቢያልፉም «አሁንማ ጊዜው ዐልፏል» ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ነው። ቀድሞ በሀገራችን ይሰጥ የነበረው ክትባት ለብዙ ተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ ስለነበረ፣ ዛሬም ስሙን ሲሰሙ የሚሸሹ አሉ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ዘመናዊ ክትባት በክንድ፣ በትንንሽ ልጆች ደግሞ በጭን ላይ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚሰጥ ነው። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ባለሙያው ተጨማሪ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የነከሰችውን ውሻ አለመግደል ነው። አስሮ፣ ለብቻዋ አድርጎ፣ ምግብና ውሃ እየሰጡ ከንክሻው ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን መጠበቅ ይገባል። በሚነክስበት ጊዜ ቫይረሱ በምራቁ የነበረ ውሻ በነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ግን ከዚያ ንክሻ በሽታው አልተላለፈም ማለት ነው። ለልጁ የሚሰጠው ክትባት ግን ይህን ውጤት ሳይጠብቅ መጀመር አለበት። ውሻው ከጠፋ ወይም ከተገደለ ይህን ማወቅ ስለማይቻል ክትባቱ እስከ መጨረሻው ይሰጣል።

ዳንግላ የሚኖሩት አማታቸው በበኩላቸው «የታወቀ መድኃኒተኛ አለ፤ ልጁን ወደዚያ ላኪው» ብለዋቸው ነበር። አማት ያሉት ለልጅ ልጃቸው ተጨንቀው ነው። ይሁን እንጂ ቅጠላ ቅጠል ይህን በሽታ እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ሰው በእምነቱ መጽናናቱ መልካም ነው፤ ግን ክትባቱ አይቅር፤ አንድ ቀንም አይዘግይ። እናትየው በዚያው ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ጠይቀው ልጁን ወሰዱት፤ ክትባቱም ተጀመረ።

ይህ ክትባት የመጣው ከሌላ እናት ጭንቀት ጋር ተያይዞ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1885 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት የአልዛስ ልጅ በእብድ ውሻ ክፉኛ ተነክሶ እናቱ ፓሪስ ድረስ ይዛው ሄደች። ሉዊ ፓስተር የተባለው ሊቅ ገና በሰው ላይ አመርቂ ውጤት ያላሳየውን ክትባት ሰጠው፤ ልጁም ዳነ። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚሁ ሊቅ ስም ከተቋቋመው ኢንስቲትዩት ነው። ዛሬ በዚያ ስፍራ የሚሠራው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ፓስተር ያረፈበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 28፣ ደግሞ በያመቱ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

የታመመች ውሻ እንዴት ትታወቃለች?

ብዙዎቻችን እብድ ውሻ ማለት ጅራቱን ቆልፎ፣ ምላሱን አውጥቶ በመንገድ የሚሮጥ ብቻ ይመስለናል። እንዲህ ያለው አለ። ነገር ግን ዝምተኛው ዓይነት ይበልጥ ያታልላል። ከሰው ይርቃል፤ ጨለማ ይፈልጋል፤ ድምፁ ይቀየራል፤ ምራቁ ይዝረከረካል፤ የኋላ እግሩ ይዝላል። መንጋጋው ሲንጠለጠል አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። በዚህ ጊዜ ርኅሩኅ ባለቤት «ላውጣለት» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይከታል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ! ገራሟ ውሻ በድንገት ተናካሽ፣ ዱር የለመደው ውሻም በድንገት ገር ከሆነ ጥርጣሬ ይግባዎ፤ ልጆቹን አርቀው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

መከላከያው ቀላል ነው። ቡችላዋ ሦስት ወር ሲሞላት መጀመሪያ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው መሠረት አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ መከተብ ነው። በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮች በብዛት የሚያስተናግዱት ከብት፣ በግ፣ ፈረስና በቅሎ ስለሆነ የውሻ ክትባት ሁልጊዜ በእጃቸው ላይኖር ይችላል። ደግሞም አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለብዙ ውሻ የሚበቃ በመሆኑ ለአንድ ውሻ ብቻ ሲከፈት ቀሪው ይባክናል። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ፣ በዕድር ወይም በቀበሌ በኩል የውሾችን ቁጥር አስመዝግቦ፣ በአንድ ቀን ማስከተብ ከሁሉ ይሻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ ሰባ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው መተላለፊያ ሰንሰለት ይበጠሳል። የእርስዎ ውሻ ብቻ ተከትባ የሰፈሩ ሁሉ ሳይከተብ ቢቀር ግን ልጅዎ በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ከአደጋው አይድንም።

«ትል ይሆን?»

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። በሆድ ትል ረገድ ውሻ በቀደደው የሚገባው በሽታ በልጆቻችን ላይ ይበረታል።

ቡችሎች ብዙ ጊዜ ወስፋት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከእናታቸው ጡትም ይተላለፍባቸዋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ልጅ በአፈሩ ተጫውቶ እጁን ወደ አፉ ሲሰድ ይገባበታል። አልፎ አልፎ እስከ ዓይን ደርሶ ማየትን ይጎዳል። ስለዚህ የውሻ ዓይነ ምድር በየቀኑ በአካፋ ተነሥቶ መቀበር አለበት፤ የጓሮ ጎመንና ሰላጣም በደንብ ይታጠብ። ቡችሎች ከሁለተኛ ሳምንታቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወር፣ ከዚያም በየወሩ እስከ ስድስት ወር የትል መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ትልቋ ውሻ ደግሞ በየሦስት ወሩ። መጠኑ በክብደት ስለሚለካ፣ በተለይ ለትንንሾቹ ውሾች፣ ሳይመዘኑ መስጠት አደጋ አለው።

ከዚህ የባሰው ከበዓል እርድ ጋር የተያያዘው ነው። በግ ወይም በሬ በግቢያችን ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብናይ «ይህስ አይበላም» ብለን ለውሻ እንወረውራለን። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻ አንጀት ውስጥ አድጎ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ የኮሶ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ወጥቶ በፀጉሯ ላይ ይጣበቃል፤ ከፀጉሯ ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ያልፋል። ከዚያም በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ የውሃ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። እንግዲህ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋም ሆነ ለሠርግ ሲታረድ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥ። የታመመ የሚመስለው ክፍል ውሻ ቆፍራ በማታወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ጤነኛው ደግሞ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጥ። ይህን ለቤት ሠራተኛዋም፣ ለአራጁም አስቀድመው ይንገሩ፤ በበዓል ግርግር ማን ምን እንደጣለ አይታወቅምና።

«ሌሊቱን ስታክክ ታድራለች»

ለማከክ ዋነኛው ምክንያት ቁንጫ ነው። ቁንጫውን ከውሻዋ ላይ ብቻ ማጥፋት ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ እንቁላሉና እጩ የሚገኙት በመኝታዋና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። መኝታዋ በሳምንት አንድ ቀን በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ፀሐይ ይምታው፤ ወለሉ ይጠረግ። ፀጉሯን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ያበጥሩ። ከብት በሚውልበት ግቢ ደግሞ በጆሮዋና በጣቶቿ መካከል መዥገር ይፈልጉ። ቆዳዋ ተልጦ ቅርፊት ካወጣ እከክ ሊሆን ስለሚችልና ወደ ሰውም ስለሚጋባ ለሐኪም ያሳዩ። ለእህል ወይም ለከብት የተሠራ ፀረ ተባይ አይቀቧት። ሦስትና አራት ኪሎ ለምትመዝን፣ ራሷንም ለምትልስ እንስሳ ይህ መርዝ ነው። መርዙ ውሎ አድሮ ያቀፋት ልጅ እጅ ላይ ይገኛል።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ብርዳምና ዝናባም ከተማ ናት። ትንሽ ውሻ ሰውነቷ ሙቀት ቶሎ ስለሚያጣ በክረምት በረንዳ ላይ መተው አይገባም። ስታጥቧት በቀትር ይሁን፤ ፀጉሯ ሳይደርቅ አትደር። ማደሪያዋ ከመሬት ከፍ ያለ ሣጥን፣ ውስጡ ደረቅ ጨርቅ ይሁን። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። በአዊ ከሰል እንደ ልብ ይገኛል። ውሻም ልጅም እንዳይበርደው ብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ማሳደር የቤቱን ነዋሪ ሁሉ ሳይነቃ ሊገድል ይችላል።

«አፏ ይሸታል»

ውሻ ስታድግ 42 ጥርስ አላት። በትንሽ መንጋጋ ውስጥ ይህ ሁሉ ጥርስ ሲጨናነቅ ምግብ በመካከሉ ይቀራል፤ ቢጫ ቅርፊት ይጋገራል፤ ድዱ ይቆስላል፤ አፉ ይሸታል። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ መውለቅ የሚገባው የወተት ጥርስም በትንንሾቹ ዝርያዎች ሳይወልቅ ሊቀር ስለሚችል ይመልከቱት። መፍትሔው ንጹሕ ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ በውሃ እያራሱ ጥርሷን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ማሸት ነው። የሰው የጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ ትውጠዋለች፤ ይጎዳታል። የተጋገረው ከበዛ የሚያነሣው ሐኪም ነው።

ምግቡም ይታሰብበት። «ከምንበላው እንሰጣታለን» ማለት ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል። ቸኮሌትና ዘቢብም ውሻን ይጎዳሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ከወጡ በፊት ለብቻ የተቀነሰ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ከአዊ ድንች የተላጠና የተቀቀለ፣ ወይም ከገብስ ገንፎ ጋር ተደባልቆ ቢሰጥ ይስማማታል። በትንሽ በትንሹ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለቡችላ ደግሞ ሦስትና አራት ጊዜ ይስጡ፤ ትንሽ ቡችላ ረኀብ ሲጸናባት የደሟ ስኳር ወርዶ ትንቀጠቀጣለች፤ ትወድቃለች። ስትወፍርም ጉልበቷ ይላላል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። በምትጎተትበት ጊዜ የምታስል ከሆነ ገመዱ ከአንገቷ ይልቅ በደረቷ ዙሪያ ይታሰር፤ የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ ደካማ ነውና። የሰው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ፈጽሞ አይስጧት።

በድሮ ጊዜ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ውሾች በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የባለጸጋ ቤት ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሻ ሉሉ በብዙዎች ይታወሳል። ዛሬ ግን ሐኪምና አሽከር በሌለበት በሠራተኛዋ ቤት ገብተዋል። ስለዚህ ጥበቃቸው በእኛው ዕውቀት ላይ ወድቋል።

የቡቺ ነገር

ልጁ ሁለተኛውን መርፌ ተወግቶ ሦስተኛውን ሲጠብቅ፣ ከተነከሰ በ12ኛው ቀን፣ እናትየው ደወሉልን። ቡቺ ተገኝታለች! ከጎረቤት የከሰል ማዳበሪያ በሚከመርበት መጋዘን ጥግ፣ ዓይናቸው ገና ያልተገለጠ ሁለት ቡችሎች አቅፋ ተኝታ ነበር። አንድ ሦስተኛ ሞቶ ከጎኗ ተገኝቷል። የዚያ ቤት ሠራተኛ ባለቤቷን ሳታውቅ ቁራሽ ስትጥልላት ሰንብታለች።

እንግዲህ የሆዷ መነፋት ትል አልነበረም፤ ልጁን የነከሰችውም መውለጃዋ ደርሶ ስለ ነበረ ይሆናል። እኛም ብንሆን ይህን ከደብዳቤው አልገመትንም። «ከግቢ አትወጣም» የተባለችው ውሻ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወጥታ ነበር ማለት ነው። ቡቺ ዕድለኛ ናት። ትንሽ ውሻ ከትልቅ ውሻ ስትፀንስ ምጡ ሊጠናባት ይችላል። የእርግዝናዋ ጊዜ 63 ቀን ያህል ነው፤ አጥብቃ ለግማሽ ሰዓት አምጣ ካልወለደች፣ ወይም በቡችላና በቡችላ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየች ሐኪም ሳይጠራ አይታደር። እርግዝና የማይፈልጉ ደግሞ ስለ ማምከን ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ያማክሩ።

10ሩ ቀን ዐልፎ ውሻዋ ጤነኛ ስለሆነች ባለሙያው የልጁ ክትባት እንዲቆም ወሰነ። «ሁለቱ መርፌ በከንቱ ሆነ» ይሉ ይሆን ብለን ጠይቀናቸው ነበር። «እነዚያን ስድስት ሌሊቶች የተኛሁት በሁለቱ መርፌ ነው» አሉን። ቡቺ ተከትባለች፤ የሰፈራቸውም ሰዎች ውሾቻቸውን አስመዝግበዋል። መድኃኒተኛውን የጠቆሙት አማት ደግሞ ዳንግላ ሆነው ስልክ ደውለው «የእኔንስ ውሻ የት ነው የማስከትበው?» ብለዋል አሉ።

ውድ እናቶች፣ ይህን ጋዜጣ ከማጠፍዎ በፊት ግቢዎን ይመልከቱ። ውሻዎ የተከተበችበት ቀን በልጆችዎ የክትባት ካርድ አጠገብ ተጽፎ ይገኛልን? ካልተገኘ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ በእንስሳት ክሊኒኩ በኩል ይለፉ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለምና።